ልብሱን ገልብጣችሁ እዩት፦ ስለ ፓሪስ ምርጥ ኮሌክሽኖች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጅ በእጅ ሲዞር ሰነበተ። ከፓሪስ የፋሽን ሳምንት ታሪክ 10 ምርጥ ኮሌክሽኖችን፣ ማለትም በአንድ ትርኢት የሚቀርቡ የልብስ ስብስቦችን፣ መርጦ በደረጃ አስቀምጧል። ለእኔ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ፤ ሦስቱም "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብለው ነው የላኩት። ልብስ በመስፋት 19 ዓመት ሆኖኛል። የፓሪስን ትርኢቶች የማያቸው እንደ ብዙ ሰው በቪዲዮና በፎቶ ነው፤ ግን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከሞዴሏ ፊት ይልቅ እጅጌው ትከሻ ላይ የተገጠመበት ቦታ ላይ ይቀራል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ፋሽንን እንደሚወዱ ያስታውቃል፣ አጻጻፋቸውም ያምራል። መለኪያቸው ግን ተንጋዷል ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ባጭሩ ላስቀምጥ። ታላቅ ኮሌክሽን ማለት በዚያው ቀን አዳራሹን ያስጨበጨበ ነው ይላሉ። የማይለበስ ልብስ ከምርጫው መውጣት አለበት ይላሉ። አንደኛ ያደረጉት ኮፐርኒ የተባለው የፋሽን ቤት በ2022 በሞዴል ገላ ላይ የረጨውን ቀሚስ ነው፤ የመርፌ ዘመን ማብቃቱን ያበሰረ ስለሆነ። ያለ ትልቅ ገንዘብ ትልቅ ኮሌክሽን አይወጣም ይላሉ። አፍሪካ በፓሪስ መድረክ ጌጥና ጨርቅ ሆና እንጂ ዲዛይነር ሆና ገና አልቀረበችም ይላሉ። በመጨረሻ ደግሞ ይህ ሁሉ የምርጫ ጉዳይ ነውና ክርክር አያሻውም ብለው ይዘጋሉ። ዓመቶቹን እንደ ጽሑፉ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከጭብጨባው ልጀምር። ጃንዋሪ 29 ቀን 1971 ኢቭ ሳን ሎራን ፓሪስ ውስጥ ያቀረበውን ኮሌክሽን ያየ ጋዜጠኛ ሁሉ ማለት ይቻላል ተቆጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ቀሚሱ አጭር፣ የጫማው ሶል ወፍራም ነበር፤ ደማቅ አረንጓዴ የቀበሮ ፀጉር ካፖርትም ነበረበት። ባጭሩ የ1940ዎቹ አለባበስ ነው፤ ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ የነበረችበት ዘመን ልብስ። በአዳራሹ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩና ቁስላቸው ተነካ፤ በየጋዜጣው አብጠለጠሉት። በጽሑፉ መለኪያ ከሄድን ይህ የወደቀ ኮሌክሽን ነው፤ እውነትም በ10ሩ ውስጥ የለም። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ያለፈ ዘመንን ልብስ ከአሮጌ ሳጥን አውጥቶ እንደ አዲስ መልበስ የአሥርተ ዓመቱ ፋሽን ሆነ። ዛሬ "ቪንቴጅ" ብሎ የሚለብስ ወጣት ሁሉ፣ ያኔ የተሰደበው ልብስ በከፈተው በር ነው የሚገባው።

ጃፓናዊቷ ዲዛይነር ሬይ ካዋኩቦም እንዲሁ። ኮም ደ ጋርሶን የተባለውን ድርጅቷን ይዛ በ1981 ፓሪስ ስትገባ፣ ቀጥሎም ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተሠራበትን ጥቁር ሹራብ ስታቀርብ፣ የጦርነት ተፈናቃይ ልብስ ነው ብለው የተሳለቁ ነበሩ። አሁን አንድ ነገር ልጨምር። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በአልባሳት ክፍሉ በሕይወት ላለ ዲዛይነር ብቻውን ትልቅ ዐውደ ርእይ ያዘጋጀው መጀመሪያ በ1983 ለሳን ሎራን ነው። ሁለተኛው በ2017 የካዋኩቦ ነበር። ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን የተሰደበ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በአንድ ትርኢት ላይ የሚሰማ ጭብጨባ የሚነግረን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ምን ለምደው እንደመጡ ነው። የልብሱን ጥራት አይነግረንም።

ወደ "የማይለበስ ልብስ" እንምጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ በስም ያነሡት የካዋኩቦን የ1997 የጸደይና የበጋ ኮሌክሽን ነው፤ በኦክቶበር 1996 የታየውን። "ትራስ የተወሸቀበት ቀልድ" ብለው አለፉት። ልብሱን ያላያችሁት ካላችሁ፦ ባለ ካሬ፣ የሚለጠጥ ቀሚስ ነው፤ ከውስጡ በጀርባ፣ በዳሌ፣ በአንድ ትከሻ ላይ እብጠት አለው። እብጠቱ ለስላሳ ሙሌት ያለበት ትራስ ነው፤ ይወጣልም። የሰው ቅርጽ እኛ ከምናውቀው ሌላ ይሆናል፤ ጉብጥ ያለ፣ ያረገዘ የሚመስል፣ ዕቃ ያዘለ የሚመስል።

እኔም መጀመሪያ ሳየው አልወደድኩትም። እንቅልፍ የነሣኝ ግን ካሬው ነው። ለምን ካሬ? እብጠት ለማሳየት አንድ ወጥ ቀለም ይበቃ ነበር። አንድ ቅዳሜ ባለ ካሬ የሚለጠጥ ጨርቅ ቆርጬ በራሴ ልኬት ሞከርኩት፤ ከጀርባ በኩል አንድ ትንሽ ትራስ አስገባሁና ማኒኪኑ ላይ አለበስኩት። ያኔ ገባኝ። ትራሱ አናት ላይ ካሬዎቹ ተለጥጠው ይሰፋሉ፣ ወደ ዳር ሲወርዱ ይጠባሉ፣ መስመሮቹም እንደ ወንዝ ይጠማዘዛሉ። ጨርቁ የትኛው ጋ እንደተወጠረ፣ የትኛው ጋ እንደላላ አንድ በአንድ ይነግርሻል። የእኔው መሃሉ ላይ ተሸብሽቦ አስቀያሚ እጥፋት አወጣ፤ ከጎን ስፌቱ በቂ ጨርቅ አልተውኩለትም ነበር። የካዋኩቦን ፎቶ ከጎኑ ዘርግቼ ሳስተያይ አንድም ሽብሽብ የለውም። እንዲህ ያለ ጉብታ ላይ ካሬ ጨርቅ ያለ ሽብሽብ ማልበስ ምን ማለት እንደሆነ መቀስ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ካሬውን የመረጠችው ስህተት ቢኖር መደበቂያ እንዳይኖራት ይመስለኛል።

ደግሞስ "አይለበስም" የሚለው ከየት መጣ? በ1997 ሜርስ ከኒንግሃም ለተባለው ዕውቅ የዳንስ ፈጣሪ ካዋኩቦ ከዚሁ ሐሳብ የተነሣ አልባሳት ሠራችለት፤ ዳንሰኞቹም ያንን ለብሰው ዘለሉ፣ ተሽከረከሩ። ልብሱ ሚዛናቸውን ስለቀየረው ሰውነታቸውን እንደ አዲስ ማወቅ ነበረባቸው። ለሥራ ቦታ ወይም ለሠርግ አይሆንም ከተባለ እስማማለሁ። ሁሉም ልብስ ግን ለሠርግ አይሰፋም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር፣ "የሚለበስ" የሚለውን መስፈርት ያስቀመጠ ጽሑፍ ጃፓናዊውን ዲዛይነር ኢሴይ ሚያኬን መርሳቱ ነው። ከ1973 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ሥራውን ያሳየ ሰው ነው፤ ሽንሽን ልብሱን የሚያህል ለመልበስ የሚመች ነገር ማግኘት ይከብዳል። ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሲታጠብ ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያ አይፈልግም፣ ለቀጭኗም ለወፍራሟም ይሆናል። በ1991 ለፍራንክፈርት ባሌ ዳንሰኞች ሠርቶ በእንቅስቃሴ ፈተነው፤ በ1993 ደግሞ ፕሊትስ ፕሊዝ ብሎ ለብቻው አወጣው።

ምስጢሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኛ ጨርቁን መጀመሪያ ሸንሽነን ነው የምንሰፋው። ሚያኬ ግን ልብሱን ከሚፈለገው መጠን ከ2 እስከ 3 እጥፍ አስፍቶ ይሰፋውና ሙሉውን ልብስ በወረቀት መሃል አድርጎ በሙቀት ማተሚያ ያሳልፈዋል። ጨርቁ ፖሊስተር ነውና ሙቀት ያስያዘውን እጥፋት አይለቅም። ይህን ከማንበቤ በፊት በጥፋት ነው የተማርኩት። አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ አምጥታ "አራት ጣት አሳጥሪልኝ" አለችኝ። ቆረጥኩ፣ ጠርዙን አጥፌ ሰፋሁ፣ እንደ ልማዴ ካውያ አሳረፍኩበት። ካውያውን ሳነሣ ከታች በኩል ሽንሽኑ የለም። ጠርዙ እንደ ጃንጥላ ተከፍቶ ወደ ውጭ ተገልብጧል። በእጄ እየቆነጠርኩ፣ በክር እያሰርኩ፣ በእንፋሎት እየሞከርኩ አመሸሁ፤ አልመለስ አለኝ። የቀሚሱን ዋጋ ከፍዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀሚሱ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። ስፌቱን ስተረትረው ነው የገባኝ፦ ጠርዙ የተሰፋው ጨርቁ ገና ሰፊ ሳለ ነበር፤ ክሩም ከጨርቁ ጋር አብሮ ተሸንሽኗል። ሽንሽኑ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእሱ በኋላ መርፌ መግባት የለበትም።

ሚያኬ ከዚያም ራቀ። ለ1999 የጸደይና የበጋ ወቅት በተደረገው ትርኢት ሞዴሎቹ በአንድ ባልተቆረጠ ቀይ የሹራብ ጨርቅ ተያይዘው ወጡ። ማሽኑ ልብሱን እንደ ቱቦ ሠርቶ ያወጣዋል፤ ገዢዋ መስመሩን ተከትላ በራሷ መቀስ ትቆርጠዋለች። እጅጌው ይጠር ይርዘም የምትወስነው ለባሿ ናት። ይህ ከ10 ምርጦች ውስጥ ካልገባ፣ "የሚለበስ" የተባለው መስፈርት ለምን እንደተቀመጠ አልገባኝም።

አሁን ወደ አንደኛው ደረጃ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 የኮፐርኒ ትርኢት መጨረሻ ላይ ሞዴሏ ቤላ ሐዲድ ራቁቷን ልትሆን ጥቂት ሲቀራት መድረክ ላይ ቆመች፤ ባለሙያዎቹም ነጭ ፈሳሽ ገላዋ ላይ ረጩ፤ ፈሳሹ ጨርቅ ሆነ። ፋብሪካን የተባለው ይህ ቴክኖሎጂ የማኔል ቶሬስ ፈጠራ ነው። ጭረቶች (ቀጫጭን ቃጫዎች) በፈሳሽ ውስጥ ተቀላቅለው ሲረጩ ፈሳሹ ይተናል፣ ጭረቶቹ ተያይዘው ይቀራሉ። ያልተፈተለ፣ ያልተሸመነ ጨርቅ ነው። እኔም አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት፤ ውበቱን አልክድም።

ግን ጸሐፊው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይተውታል? መርጨቱ ሲያልቅ ልብሱ ገና ልብስ አልነበረም፤ ገላ ላይ የተለጠፈ ነጭ ሽፋን ነበር። የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ሻርሎት ሬይሞንድ መጣች። ማንገቻውን ከትከሻዋ ላይ ወደ ክንዷ አወረደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠርዙን አስተካከለች፣ ከጭኗ በኩል በመቀስ ቀደደችው። ሐዲድ መራመድ የቻለችው ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ሽፋን ቀሚስ ያደረገው የአንዲት ባለሙያ እጅና መቀስ ነው። ጽሑፉ የመርፌ ዘመን አበቃ ያለው በትክክል የልብስ ሰፊ እጅ በታየበት ደቂቃ ላይ ነው። ደግሞም ይህ አንድ ቀሚስ ነው። ኮሌክሽን ስንል በዚያ ምሽት የወጡትን ልብሶች ሁሉ ማለታችን ነው፤ ስለ ሌሎቹ ልብሶች ግን ጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለውም።

አንድ ትንሽ እርማት በመንገድ ላይ። የክርስቲያን ዲዮር የፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 ኮሌክሽን በሦስተኛ ደረጃ ተቀምጧል። ሥራው ይገባዋል፤ ያ ወገቡ የጠበቀ፣ ዳሌው በሙሌት የተነሣ ኮት ዛሬም ያስተምረኛል። ሆኖም የፓሪስ የፋሽን ሳምንት ዛሬ በምናውቀው ቅርጹ የሚቆጠረው ከ1973 ነው፤ ዲዮር ያሳየው በራሱ ቤት፣ በአቬኑ ሞንቴኝ ቁጥር 30 ነበር። ወደ ኋላ መሄድ ከተፈቀደ ለሁሉም ይፈቀድ።

ገንዘብ። እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት፤ ጀማሪ ወጣቶች ይህን ሲያነቡ ተስፋ እንደሚቆርጡ አውቃለሁና።

በማርች 1994 ዲዛይነሩ ጆን ጋሊያኖ ኪሱ ባዶ ነበር። ሳኦ ሽሉምበርገር የተባለችው ባለጸጋ ፓሪስ ያለውን ባዶ ቤቷን ፈቀደችለት። የዘመኑ ታላላቅ ሞዴሎች፣ ኬት ሞስ፣ ናኦሚ ካምቤል፣ ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ፣ ያለ ክፍያ ወጡለት። የልብሶቹ ብዛት 20 አይሞላም፤ አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው፤ የተሠሩትም ባንድ ፊቱ ሳቲን፣ በሌላው ፊቱ ደብዛዛ ክሬፕ ከሆነ ጨርቅ ነው። ብልሃቱን ተመልከቱ፦ አንድ ጨርቅ ገዝቶ ሁለት ጨርቅ አገኘበት። የሚያበራውን ፊት እዚህ፣ ደብዛዛውን እዚያ። ቅዱም የታወቀበት የሰያፍ ቅድ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ግን ያሠቃያል፤ በራሱ ክብደት ስለሚለጠጥ አንድ ቀን ሙሉ ሰቅለሽው ካላደረ ጠርዙን መስፋት አትችይም። ቸኩለሽ ከሰፋሽው በሳምንቱ አንዱ ጎን ይረዝማል። ትዕግሥት ገንዘብ አይጠይቅም። ጋሊያኖ በ2011 አይሁዳውያንን በመሳደቡ የተፈረደበትን ጥፋት ማቃለሌ እንዳይመስላችሁ፤ የምናገረው ስለዚያ ጥቁር ጨርቅ ነው። ከዚያ የ1994 ትርኢት በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የዲዮርን ቤት እንዲመራ ተሾመ።

ቤልጂየማዊው ዲዛይነር ማርቲን ማርጄላ ደግሞ በኦክቶበር 1989 በፓሪስ 20ኛ ወረዳ፣ ድሆችና ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር፣ የፈራረሰ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ ነው ትርኢቱን ያደረገው። የግብዣ ካርዱን የሣሉት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የተመደበ ወንበር የለም፤ የቀደመ ይቀመጣል። ልጆቹ ከሞዴሎቹ ጋር እየሮጡ መድረኩን ሞሉት። ከልብሶቹ አንዱ ከመገበያያ ፌስታል የተሠራ ነበር። በዚያ ሕዝብ መሃል ራፍ ሲሞንስ የሚባል ተማሪ ቆሞ ነበር፤ ዲዛይነር ለመሆን የወሰነው ያን ቀን እንደሆነ ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል፤ ኋላ ዲዮርን መርቷል። ስንት ገንዘብ ያንን ይገዛል?

በዚሁ ነጥብ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። ሻኔል ግራን ፓሌ በተባለው የፓሪስ ትልቅ አዳራሽ በ2014 ሱፐርማርኬት፣ በ2017 ሮኬት አቁሞ ያሳያቸውን ትርኢቶች ከምርጫው አስቀርተዋል፤ ትክክል ናቸው። ሮኬቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ ኮቶቹን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

አፍሪካን በተመለከተ። ጽሑፉ በማስረጃነት ያቀረበው የሳን ሎራንን የ1967 ኮሌክሽን ነው፤ ራፊያ ከተባለው የዘንባባ ቃጫና ከእንጨት ዶቃ የተሠሩትን ቀሚሶች። ውብ ናቸው። ነገር ግን ጸሐፊው ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተፈጠረ ያህል ነው የጻፉት። ላሚን ኩያቴን ልጥቀስ፤ ባማኮ የተወለደ፣ ሥነ ሕንፃ የተማረ ሰው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኹሊ ቤት በተባለው ድርጅቱ ስም ከልባሽ ሹራብና ከጠባብ ሱሪ አዲስ ልብስ ሠርቶ ፓሪስን አስደነቀ። ስፌቱን በቀይ ክር ከውጭ ይሰፋዋል፤ የክሩን ጫፍም ሳይቆርጥ ተንጠልጥሎ ይተወዋል። የኔን ዓይን የሚስበው የድርጅቱ ምልክት ነው፦ የቀድሞውን ባለቤት ምልክት አያነሣም፤ የራሱን ከላዩ ይሰፋበታል። ዛሬ ትልልቆቹ ቤቶች ልባሽ መልሶ መሥራትን እንደ አዲስ ግኝት ሲያወሩ እሱን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ይቆጨኛል።

ኢማን አይሲ የካሜሩን ሰው ነው፤ ቀድሞ ዳንሰኛና ሞዴል ነበር። በጃንዋሪ 2020 ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያው ሆኖ በኦት ኩቱር፣ ማለትም ለደንበኛ በልክ በእጅ በሚሠራ ልብስ፣ መደበኛ የትርኢት መርሐ ግብር ላይ ገባ። ኦት ኩቱር የሚለው ስም በፈረንሳይ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማንም ተነሥቶ አይለጥፈውም። አይሲ ብዙ ሰው የአፍሪካ የሚለውን ዋክስ ጨርቅ አይነካም፤ ሆላንዶች የኢንዶኔዥያን ባቲክ አስመስለው ያመጡት ነው ይላል። በምትኩ የቡርኪና ፋሶን ፋሶ ዳን ፋኒ፣ የጋናን ኬንቴ፣ ራፊያ፣ የዛፍ ልጥ ይጠቀማል። እሱ ጋ ጨርቁን የሚመርጠውም ልብሱን የሚቀደውም አንድ ሰው ነው። በ1967 ያልነበረው ይህ ነው። በዚያው በ2020 ፌብሩዋሪ የናይጄሪያው ኬኔት ኢዜ በእጅ የተሸመነ አሶ ኦኬ ይዞ ፓሪስ ላይ አሳየ፤ ትርኢቱን የዘጋችው ናኦሚ ካምቤል ናት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 ደቡብ አፍሪካዊው ቴቤ ማጉጉ ኤልቪኤምኤች የተባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ ለወጣት ዲዛይነሮች የሚሰጠውን ሽልማት ወስዶ ነበር። እነዚህን ሁሉ ሳያዩ "ገና አልቀረበችም" ማለት፣ በሩ ላይ የቆመውን እንግዳ ሳያዩ "ማንም አልመጣም" እንደማለት ነው።

የቀረው፣ የምርጫ ጉዳይ ነውና ክርክር አያሻውም የሚለው ነው። መውደድ የግል ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ወድጄዋለሁ ያለ ሰው ምኑን እንደወደደ መናገር ይችላል፤ የተናገረውንም ሌላው ልብሱ ላይ ሄዶ ሊያየው ይችላል። ለምሳሌ የእኔን አንደኛ ልናገር፤ በጸሐፊው 10 ውስጥ የለም። በኦክቶበር 1988 ካፌ ደ ላ ጋር በተባለ ትንሽ ቲያትር ማርጄላ የመጀመሪያውን ኮሌክሽኑን አሳየ። ጣቱ ለሁለት የተከፈለ ጫማ ሠርቶ ነበር፤ ሰው ጫማውን እንዲያስተውልለት ፈለገ። ሶሉን ቀይ ቀለም አስነክሮ ሞዴሎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ አስኬዳቸው። ባለፉ ቁጥር እንደ ሰኮና ያለ ቀይ ኮቴ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ትርኢቱ ሲያልቅ ሌላው ቤት ቢሆን ያንን ጨርቅ ጠቅልሎ ይጥለው ነበር። ማርጄላ ግን አጥፎ አስቀመጠው፤ በቀጣዩ ወቅት ቆርጦ ሰደርያ ሰፋበት። የሞዴሎቹ ቀይ ኮቴ እንዳለ ሰደርያው ላይ ነው።